ከረግረግ እስከ መሶብ፦ ሻጋታን እንወቀው

በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሣው ጉዳይ ከማንኛችንም ቤት የማይጠፋ፣ ነገር ግን ብዙዎቻችን በቅጡ የማናውቀው ነው። እሱም ሻጋታ ነው። «አሁን ሻጋታ ደግሞ ምን ማብራሪያ ያስፈልገዋል? አራግፎ መብላት ነው እንጂ!» የሚል አይጠፋም። እኛም የሳይንስ ክበብ አባላት ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣነው ይህንኑ አነጋገር ደጋግመን በመስማታችን ነው።

ባለፈው ሰሞን አንድ ቅዳሜ ለማስተማሪያ የሚሆን ጥቂት ዛላ ፈልገን ወደ መርካቶ በርበሬ በረንዳ ወረድን። እንደምታውቁት እዚያ የማረቆው፣ የአላባው፣ የጎጃሙ በርበሬ በየማዳበሪያው ታጭቆ ተደርድሯል። ማስነጠሱ ሌላ ነው! ከአንዱ ማዳበሪያ ሥር ያወጣነውን ዛላ ስንሰብረው ከውጭ ቀይና ያማረ ሆኖ ሳለ፣ ውስጡ ፍሬው ዙሪያ ግራጫ ጥጥ የመሰለ ነገር ይዞ አገኘነው።

«እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ብለን ሻጯን ጠየቅን።

«እርጥበት ነክቶት ነው ልጆቼ። ፀሐይ ሲያገኝ ይለቃል። ወፍጮ ከገባ ደግሞ ማን ያየዋል!» አሉን።

እማማ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ከዕድሜያቸው ያገኙትን ነው የነገሩን። ንግግራቸው ግን ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ስሕተት ነው። የትኛው እውነት፣ የትኛው ስሕተት እንደሆነ መለየት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

ሻጋታ ምንድን ነው?

ሻጋታ ሕይወት ያለው ፍጡር ነው። እንስሳ አይደለም፤ ተክልም አይደለም። ቀደም ባሉት ጊዜያት ሊቃውንት ከተክል ወገን ይመድቡት ነበር። ይሁን እንጂ እንደ ቅጠል ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን መሥራት የማይችል በመሆኑ፣ ፈንገስ በሚባል በራሱ ምድብ ውስጥ እንዲቆጠር ተደርጓል። በክረምት ከመሬት ብቅ የሚለው እንጉዳይ፣ ገላ ላይ የሚወጣው ጭርትና ቋቁቻ፣ ሊጥ የሚያቦካው እርሾ፣ እንጀራ ላይ የሚታየው ሻጋታ፣ ሁሉም የዚሁ ወገን ናቸው።

ታዲያ እንዴት ይኖራል? ሻጋታ አፍም ሆድም የለውም። አካሉ በዓይን የማይለይ ቀጭን ክር ነው። ክሩ ምግቡ ውስጥ ሰርስሮ ይገባና የሚያሟሟ ፈሳሽ ያመነጫል፤ ምግቡ እዚያው ከሟሟ በኋላ ይመጠዋል። እኛ በልተን እንፈጫለን፣ እሱ ፈጭቶ ይበላል ማለት ነው። ከላይ የምናየው አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ቢጫ ቀለም ደግሞ ስፖር የሚባለው ዘሩ ነው። ስፖር እጅግ ደቃቅ በመሆኑ በአንዲት ሚሊሜትር ላይ 200 ያህሉ ተሰልፈው ሊቆሙ ይችላሉ። በነፋስ ይሄዳል፤ በእጃችን፣ በልብሳችን፣ በመሶቡ ክዳን ላይ ሁሉ አለ። ይህን ጽሑፍ ቆማችሁ በምታነቡበት በዚህ ሰዓት እንኳ ከአየሩ ጋር እየሳባችሁት ነው።

እንግዲህ «አራግፎ መብላት» የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ይበላሻል። ያራገፍነው ዘሩን ነው። ክሩ ቀለሙ ከታየበት ቦታ አልፎ ውስጥ ለውስጥ ሄዷል። ዘሩን አራግፈን ሥሩን ጎረስን ማለት ነው።

ሻጋታ ለመኖር የሚያስፈልገው አራት ነገር ነው፦ ምግብ፣ ውኃ፣ አየርና መጠነኛ ሙቀት። አራቱ ከተሟሉለት ማንም አያቆመውም፤ ከአራቱ አንዱ ከጎደለበት ግን ይቆማል። ይህችን ነገር ያዙልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ረግረግ ምን ያስተምረናል?

የአራቱ ነገሮች ጉድለት ምን ያህል ኃይል እንዳለው በግልጽ የሚታየው ከመርካቶ በጣም ርቆ፣ በረግረግ ምድር ነው። እንደ አየርላንድ፣ ፊንላንድና ሩሲያ ባሉ ቀዝቃዛ አገሮች ውኃ የተኛባቸው ሰፋፊ ሜዳዎች አሉ። በላያቸው ስፋግነም የሚባል ሽበት የመሰለ ለስላሳ ተክል ይበቅላል፤ ይህ ተክል ውኃውን ኮምጣጣ ያደርገዋል። ሲሞት በላዩ ሌላው ይበቅላል። የሞተው ግን በቅጡ አይበሰብስም፤ ዓመት በዓመት ላይ ሲነባበር በብዙ ሺህ ዓመት ውስጥ ፒት የሚባል ጥቁር ቡናማ አፈር ይሆናል። ይኸው አፈር እንደ ጡብ እየተቆረጠና እየደረቀ ለብዙ ዘመን እንደ ማገዶ ሲነድ ኖሯል።

ለምን አይበሰብስም? የሚያበሰብሱት ጥቃቅን ፈንገሶች ስለሌሉ አይደለም። ሞልተዋል! ፔኒሲሊየም፣ ሞርቲየሬላ፣ ትራይኮደርማ የሚባሉት ወገኖች በፒት ውስጥ ይገኛሉ። ነገር ግን አብዛኛዎቹ የሚሠሩት አየር በሚደርስበት በላይኛው ንጣፍ ነው። ከዚያ በታች ውኃው አየሩን ስለዘጋው ሥራቸው ይቆማል፤ ብርዱና ኮምጣጣነቱም ያግዛል። እ.ኤ.አ. በ1950 በዴንማርክ ፒት ሲቆርጡ የነበሩ ሰዎች የአንድ ሰው አስከሬን አገኙ። የቅርብ ጊዜ ሟች መስሏቸው ፖሊስ ጠሩ። ሲመረመር ከ2 ሺህ ዓመት በላይ የሆነው ነበር። ቶሉንድ በተባለ ቦታ የተገኘው ይህ ሰው የአገጩ ጢም እንኳ አልጠፋም።

በእኛም አገር ቢሆን በባሌ ተራሮች ላይ ፒት ይገኛል። ታምሳ በተባለ ቦታ ካለው ፒት ውስጥ በየንጣፉ ተቀብሮ የቆየውን የአበባ ብናኝ አውጥተው የመረመሩ ሊቃውንት፣ ከ10 ሺህ ዓመት በፊት ጀምሮ በዚያ አካባቢ ምን ዓይነት ዕፅዋት እንደነበረ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት አስረድተዋል። ፈንገሶቹ ቢደርሱበት ኖሮ ያ መዝገብ ዛሬ አይነበብም ነበር።

በተቃራኒው ረግረግ በቦይ ሲጠነፈፍ አየር ይገባል። ያን ጊዜ ለሺህ ዓመታት ሲጾሙ የኖሩት ጥቃቅን ፍጥረታት ይነሡና የተከማቸውን ይበሉታል፤ በውስጡ የነበረው ካርቦንም ወደ ሰማይ ይወጣል። ረግረግ አይነካ የሚባልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

እንጀራ ለምን ይሻግታል?

አሁን ወደ መሶባችን እንመለስ። ብታምኑም ባታምኑም እንጀራና ረግረግ ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱም እርጥብ ናቸው፤ ሁለቱም ኮምጣጣ ናቸው። ኮምጣጣነት በሚለካበት ፒ.ኤች. በሚባለው መለኪያ ሁለቱም 4 አካባቢ ናቸው። እናቶቻችን ከቀድሞው ሊጥ ላይ ቀድተው የሚያስቀምጡት እርሾ በውስጡ ባክቴሪያና እርሾ የሚባለው ጥቃቅን ፈንገስ ተባብረው የሚኖሩበት ነው። ባክቴሪያዎቹ ያኮመጥጡታል፤ ፈንገሱ ደግሞ አየር ይነፋበታል። ዓይኑ የሚወጣው በዚህ ነው።

ይህ ኮምጣጣነት ትልቅ ጥበቃ ነው። ሥጋንና ወጥን የሚያሸቱት ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች ኮምጣጣ ነገር አይስማማቸውም። ሻጋታ ግን ኮምጣጣውን ይችለዋል። ስለዚህም ነው እንጀራ ከመሽተቱ በፊት የሚሻግተው። ረግረጉን ያዳነው ግን ኮምጣጣነቱ ብቻ አልነበረም፤ አየር ማጣቱ ነበር። መሶብ ውስጥ አየር አለ። ስለዚህ በተለመደው የቤት ሙቀት እንጀራ ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በላይ አይቆይም። የተመራመሩ ሰዎች በሻገተ እንጀራ ላይ በብዛት ያገኟቸው አስፐርጂለስ፣ ፔኒሲሊየምና ራይዞፐስ የሚባሉትን ነው። ልብ በሉ! ፔኒሲሊየም ረግረጉ ውስጥም ያገኘነው ወገን ነው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1928 ፔኒሲሊንን ያገኘውም ከዚሁ ወገን ነው።

«ታዲያ መድኃኒት ከሆነ ብንበላው ምናለ?» እንዳትሉን። ወገኑ ብዙ ነው፤ የሚያድነውም የሚገድለውም በአንድ ስም ይጠራሉ። በዓይን መለየት ደግሞ አይቻልም።

ሻጋታ ትቶት የሚሄደው መርዝ

እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከመቶ ሺህ በላይ ቱርክ የሚባሉት ዶሮ መሳይ ወፎች በድንገት አለቁ። ምክንያቱ ስላልታወቀ በሽታው «ኤክስ» ተባለ። ኋላ ሲጣራ ከብራዚል ከመጣ የለውዝ ፋጉሎ ተገኘ። በፋጉሎው ላይ አስፐርጂለስ ፍላቨስ የሚባለው ሻጋታ በቅሎበት ኖሮ መርዙን ጥሎበታል። መርዙ ከሻጋታው ስም ተወስዶ አፍላቶክሲን ተባለ።

አፍላቶክሲን የሚያጠቃው ጉበትን ነው። በብዛት ከተበላ በቀናት ውስጥ ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2004 በጎረቤታችን በኬንያ ሳይደርቅ የተከማቸ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። በጥቂት በጥቂቱ ለዓመታት ከተበላ ደግሞ የጉበት ካንሰር ያመጣል፤ በተለይ ሄፓታይተስ ቢ በሚባለው የጉበት በሽታ የተያዘ ሰው አደጋው ይብስበታል።

«ቢፈላ፣ ቢቆላ አይሞትም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ሻጋታው ይሞታል፤ መርዙ ግን ፍጡር አይደለምና አይሞትም። መርዙ የሚፈርሰው ከ200 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ወጡ ቀኑን ሙሉ ቢንተከተክ መርዙ የትም አይሄድም። መቁላት በመጠኑ ይቀንሰው ይሆናል እንጂ አያጠፋውም። ፀሐይም እንዲሁ፤ ታደርቃለች እንጂ የተጣለውን መርዝ ጠርጋ አትወስድም።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ ከተወሰዱ የሽሮና የተፈጨ በርበሬ ናሙናዎች በአንዳንዶቹ ውስጥ አፍላቶክሲን መገኘቱን ገልጿል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ 110 የወተት ናሙናዎች ወስዶ፣ አውሮፓውያን ለወተት ካስቀመጡት ወሰን ያላለፉት 9ኙ ብቻ እንደሆኑ አሳይቷል። ወተት ውስጥ እንዴት ገባ? ላሟ ከምትበላው መኖ፣ በተለይም ከኑግ ፋጉሎ ነው። «የሻገተውን ለከብት ስጡት» የምንለው ነገር ዞሮ በልጆቻችን ኩባያ ይመጣል ማለት ነው።

የዋድላ ደላንታው መከራ

ከሁሉ ይልቅ ሊረሳ የማይገባው ግን በገዛ ወገናችን ላይ የደረሰው ነው። በወሎ ክፍለ ሀገር በዋድላ ደላንታ፣ በ1970 ዓ.ም. ገደማ (እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1978) ሰዎች እግራቸውና እጃቸው እየጠቆረ፣ እየደረቀ ይቆረጥ ጀመር። ከ140 በላይ ሰዎች ታመሙ፤ ከሦስቱ አንዱ ያህል ሞቱ።

ምክንያቱ ኤርጎት የሚባል ፈንገስ ነበር። ኤርጎት የሣርንና የእህልን አበባ ይይዝና በፍሬው ቦታ ጥቁር ቀንድ የመሰለ ጠንካራ ነገር ያበቅላል። በዚያን ጊዜ የዋድላ ደላንታን ገብስ ሲናር ወርሶት ነበር፤ ሲናሩም ኤርጎት ይዞ ነበር። ገበሬው አብሮ አጨደው፣ አብሮ ወቃው፣ አብሮ ተፈጨ። የኤርጎት መርዝ የደም ሥርን ስለሚያጠብ ደም ወደ ጣትና ወደ እግር አይደርስም፤ ደም ያልደረሰው አካል ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ2001ም በአርሲ ከተበከለ ገብስ የተነሣ ይኸው በሽታ ታይቷል።

የሚገርመው ግን ከዚሁ ከኤርጎት የተገኘው ኤርጎሜትሪን የተባለው መድኃኒት የወለደች እናት ደም እንዳይፈሳት በአዋላጆች እጅ ያገለግላል። ማኅፀንን የማኮማተር ኃይሉ በመጠንና በባለሙያ እጅ ሲሆን ያድናል፤ በእንጀራና በቆሎ ሳይታወቅ ሲገባ ግን እግር ይቆርጣል። ልዩነቱ ዕውቀት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ሥጋታችን አንድ ነው። «የሻገተ አትብሉ፣ ጣሉ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ድኻ ግን ምን ይጥላል? በመርካቶ ዙሪያ ከሰው የተረፈውን ገዝቶ የሚያድር ሰው መኖሩን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ዋናው ትምህርት ስለ መጣል አይደለም፤ ወደ መጣል እንዳይደረስ ስለ ማድረግ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው። ቀደም ሲል ያዙልን ያልናችሁ ነገር እዚህ ላይ ይጠቅመናል፦ ከአራቱ አንዱን እንንሳው።

ምግቡን መንሣት አይቻልም፤ ምግቡ የእኛ ነውና። ሙቀቱን መንሣት ፍሪጅ ይጠይቃል። የቀሩት ውኃና አየር ናቸው።

ውኃውን መንሣት፦ እህልም በርበሬም በባዶ መሬት ላይ ሳይሆን በሸራ ወይም በሰሌን ላይ በደንብ ይድረቅ። ማዳበሪያው በጣውላ ላይ ይቀመጥ፣ ከግድግዳም ይራቅ፤ መሬቱና ግድግዳው ውኃ ያቀብላሉና። ዛላው እንዳይሰበር ወይም ሚዛን እንዲያነሣ ተብሎ ውኃ ቢረጭበት ግን ለሻጋታ ግብዣ መጥራት ነው። ድርቆሽ የምናደርገውን እንጀራ ደግሞ ሳይሻግት ገና በደኅናው እናድርቀው። ከሻገተ በኋላ ማድረቅ መርዙን አብሮ ማስቀመጥ ነው።

እህሉ መድረቁን ለማወቅ ገንዘብ የማይጠይቅ ዘዴ አለ። በደረቀ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት እህልና አንድ ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምራችሁ ክደኑና አጥብቃችሁ ነቅንቁት። ከዚያ ለጥቂት ደቂቃ አስቀምጡት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ ወደ ፀሐይ ይመለስ። ካልተለጠፈ ማስቀመጥ ይቻላል።

አየሩን መንሣት፦ ይህ የረግረጉ ዘዴ ነው። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን በጉድጓድ የሚቀብረው ይህንኑ በልምድ አውቆ ነው። የጉድጓዱ ችግር ከመሬቱ የሚሰርገው እርጥበት ነው፤ በዳር በዳሩ ያለው ይሻግታል። ዛሬ ውስጡ ሁለት ላስቲክ፣ ውጪው ማዳበሪያ የሆነ ባለሦስት ንብርብር ከረጢት አለ። ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ነቀዙም ሻጋታውም አየር ያጣል። እህሉ አስቀድሞ መድረቁ ግን ግድ ነው።

ከዚህ ሌላ መልቀም አለ። የተሸበሸበውን፣ የጠቆረውን፣ የተነቀዘውን ለውዝ ወይም በቆሎ በእጅ ለቅሞ ማውጣት ብዙውን መርዝ ያወጣል፤ መርዙ የሚከማቸው በጥቂት በተበላሹ ፍሬዎች ላይ ነውና። ሲናሩንና ጥቁሩን ቀንድም ከገብሱ መልቀም እንዲሁ። ሰፌድ ይዘው ሲለቅሙ የሚውሉት እናቶቻችን የጤና ሥራ እየሠሩ እንደሆነ ማን ነግሯቸው ያውቃል?

በክፍል የሚሠራ ሙከራ

ባልደረቦቻችን ሆይ፣ ነገ የምትመደቡበት ትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ላይኖረው ይችላል። ግድ የለም። እኛ የሠራነውን እነሆ፦

1ኛ. ከአንድ እንጀራ ሦስት ቁራሽ ቆርጠን ሦስት ላስቲክ አዘጋጀን።

2ኛ. የመጀመሪያውን ቁራሽ እንዳለ ከተትነው። ሁለተኛውን እስኪንኮሻኮሽ በፀሐይ አድርቀን ከተትነው። ሦስተኛውንም እንዲሁ ካደረቅነው በኋላ ጥቂት ውኃ ረጭተን ከተትነው።

3ኛ. ሦስቱንም አስረን፣ ቁጥር ጽፈንባቸው አንድ ጥላ ቦታ አስቀመጥናቸው። በየዕለቱ ከውጭ እያየን መዘገብን።

በአራተኛው ቀን በአንደኛው ላይ ነጭ ጥጥ ታየ፤ ቆይቶም አረንጓዴና ጥቁር ሆነ። ሁለተኛው ሳምንት አልፎት እንደደረቀ ነው። ሦስተኛው ግን ከአንደኛው ዘግየት ብሎ ሻገተ። ያው እንጀራ፣ ያው ላስቲክ፣ ያው ቦታ ነው፤ የለየው ውኃው ብቻ ነው። ተማሪዎች ይህንን በዓይናቸው ካዩ በርበሬ ላይ ውኃ መርጨት ምን እንደሚያመጣ ሌላ ስብከት አያስፈልጋቸውም።

ጥንቃቄ! ላስቲኮቹ አይከፈቱ፣ አይሸተቱም፤ ስፖሩ በተለይ አስም ላለበት ልጅ አይበጅም። ሲያበቃ እንደታሰሩ አርቆ መጣል ወይም መቅበር ነው።

መደምደሚያ

በዚያን ዕለት እማማ ከነገሩን ውስጥ «እርጥበት ነክቶት ነው» ያሉት እውነት ነው። የሻጋታን ሳይንስ በሁለት ቃል ጨርሰውታል። «ፀሐይ ሲያገኝ ይለቃል» ያሉት ግን ስሕተት ነው፤ ፀሐይዋ መምጣት የነበረባት ቀድማ ነው። «ወፍጮ ከገባ ማን ያየዋል» ያሉት ደግሞ ያስደነግጣል፤ ዓይን ባያየውም ጉበት ያገኘዋልና።

ተመልሰን ሄደን ይህንን ነግረናቸዋል። «እንግዲህ ተማሪዎቹ እናንተ ናችሁ» ብለው ሳቁ፤ ቀጥለውም ያንን የጠርሙስና የጨው ነገር ደግመን እንድናሳያቸው ጠየቁን። ጠርሙስ ከጎረቤት ተገኘ፣ እህል ከአንዱ ማዳበሪያ ተዘገነ፣ ነቀነቅነው። ጨው ተለጠፈ። ዝም ብለው ጠርሙሱን አዩት፣ ከዚያም ልጃቸውን ጠርተው «ያንን ማዳበሪያ ነገ በጠዋት ፀሐይ ላይ አስጣው» አሉት።

የመምህር ሥራ ከዚህ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? እኛም ከዚህ ግቢ ስንወጣ፣ የተመደብንበት ወረዳ ደጋም ይሁን ቆላ፣ ጨውና ጠርሙስ አይጠፋም።